የሚሞላ የሊቲየም ባትሪ ሲበላሽ ምን እናድርግ?



«ባትሪ» የሚለው ቃል በአነጋገራችን ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው ሌሊት መንገድ የምናበራበት የእጅ መብራት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሆዱ የሚገባው «የባትሪ ድንጋይ» ነው። የድሮው ድንጋይ ከዚንክና ከካርቦን የሚሠራ፣ 1.5 ቮልት የሚሰጥ ደረቅ ሴል ነው። ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ነከስ ነከስ ማድረግ፣ መሬት ላይ ጠቅጠቅ አድርጎ መልሶ መክተት በየቤቱ የታወቀ ብልሃት ነው። ጥቂት ያበራል፤ ከዚያ ይሞታል፤ ይጣላል። ጉዳቱ ይህን ያህል አይደለም።

ዛሬ ግን በሚሞላ የእጅ ባትሪ፣ በፓወር ባንክ፣ በሞባይልና በብዙ የፀሐይ ፋኖሶች ውስጥ የምናገኘው የሊቲየም ሴል ነው። መልኩ የድሮውን ድንጋይ ይመስላል፤ ጠባዩ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ለድሮው ድንጋይ የምናደርገውን ለዚህ ብናደርግ እሳት እናስነሣለን። ደግሞ እንደሚታወቀው በገጠር ቀበሌ የተበላሸ ባትሪ ሁሉ መጨረሻው ሳይንስ አስተማሪው ዘንድ ነው። ስለዚህ እኛ ዕጩ መምህራን ጉዳዩን ከወዲሁ ማወቅ ይገባናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አንድ ነው፤ የሊቲየም ሴል መጀመሪያ ይለካል እንጂ አይነካካም፤ ከልኩ በታች ከወረደ ይወገዳል እንጂ ነፍስ አይዘራበትም የሚለውን ከነምክንያቱ ማስረዳት ነው።

1. የሊቲየም ሴል ምንድን ነው?

የሚሞላው የሊቲየም ሴል በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም የተባሉ ሳይንቲስት መሠረቱን ጣሉ። በ1980 ጆን ጉድኢናፍ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ የሊቲየምና የኮባልት ኦክሳይድ ለአዎንታዊው ዋልታ እንደሚስማማ አሳዩ። በ1985 ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ በአሉታዊው ዋልታ በኩል የካርቦን ዝርያ በመጠቀም ደህና የሚሠራ ሴል ሠሩ። በ1991 ሶኒ ኩባንያ ለገበያ አቀረበው። ሦስቱ ሰዎች በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ጉድኢናፍ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 97 ነበር።

በውስጡ ሁለት ረጃጅም ስስ ወረቀት መሰል ብረቶች አሉ። አንዱ አሉሚኒየም፣ ሌላው መዳብ ነው። በአሉሚኒየሙ ላይ እንደ ሊቲየምና ኮባልት ኦክሳይድ ያለ ውህድ፣ በመዳቡ ላይ ግራፋይት ተቀብቷል። ሁለቱ እንዳይነካኩ በመካከላቸው ስስ የፕላስቲክ መለያ ይገባና እንደ ምንጣፍ ተጠቅልለው በቆርቆሮ ይታሸጋሉ። ሴሉ ሲሞላ የሊቲየም አዮኖች ወደ ግራፋይቱ ይሄዳሉ፤ ሲያበራ ደግሞ ይመለሳሉ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። አዮኖቹ የሚዋኙበት ፈሳሽ እንደ ድሮው ድንጋይ በውሃ የራሰ ልቁጥ አይደለም፤ እንደ ቤንዚን የሚቀጣጠል ፈሳሽ ነው። መለያው ፕላስቲክ ደግሞ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። ፕላስቲኩ ከቀለጠ ሁለቱ ዋልታዎች ይገናኛሉ፤ ሙቀት ይወጣል፤ ሙቀቱ ሌላ ሙቀት ይወልዳል፤ መጨረሻው እሳት ነው። ድንጋይ ማለታችን እንግዲህ ስም ብቻ ነው ማለት ነው።

2. በቃል መያዝ ያለባቸው ቁጥሮች

ሀ/ በተለመደው የሊቲየም ሴል ላይ 3.6 ወይም 3.7 ቮልት ተብሎ ይጻፋል። ይህ አማካይ ልኩ ነው።
ለ/ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው። ከዚያ በላይ መሙላት አደጋ ነው።
ሐ/ 3.0 ቮልት ሲደርስ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ መሞላት አለበት።
መ/ ከ2.5 ቮልት በታች ከወረደ ተጎድቷል።

ከ2.5 በታች ለምን ይጎዳል? ቮልቱ ከዚያ በታች እየወረደ ሲሄድ ግራፋይቱን የተሸከመው መዳብ መሟሟት ሊጀምር ይችላል። ሴሉን መልሰን ስንሞላው የሟሟው መዳብ እንደገና ይጠጥርና በውስጥ በኩል እንደ ድልድይ ሆኖ ሁለቱን ዋልታዎች ሊያገናኝ ይችላል። ይኸው ነው ምሥጢሩ። ወራት ሙሉ ባዶውን ሣጥን ውስጥ የከረመ ሴል ተሞልቶ ሲያበራ «ዳነ» እንላለን እንጂ ውስጡ አልዳነም።

ሌላም ዓይነት አለ። በአንዳንድ የፀሐይ ፋኖሶች ውስጥ የሊቲየም የብረት ፎስፌት ሴል ይገኛል። የዚህኛው አማካይ 3.2 ቮልት ሲሆን ሙሉ የሚሆነው በ3.65 ቮልት ነው። ይህን በ4.2 ቮልት ቻርጀር መሙላት አይገባም። ስለሆነም ከሁሉ አስቀድሞ በልባሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

3. ጉድለቱን ደረጃ በደረጃ መፈለግ

አንደኛ፣ በዓይንና በአፍንጫ። ሴሉ አብጧል? ልባሱ ተቀዷል? ተጨራምቷል? የሚጣፍጥ የመሰለ የቀለም ማቅጠኛ ዓይነት ሽታ አለው? ሳይሠራ ይሞቃል? ከእነዚህ አንዱ ከታየ ምርመራው እዚያው ያበቃል። አይለካም፣ አይሞላም፤ ይወገዳል። የልባስ መቀደድ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ነው። የክቡ ሴል ቆርቆሮ በሙሉ አሉታዊ ዋልታ ነው፤ አዎንታዊው አናቱ ላይ ያለው ትንሽ ክብ ብቻ ነው። ስለዚህ ልባሱ አናቱ አካባቢ ከተቀደደ በብረት ቀፎ ውስጥ ሾርት ያደርጋል። ሴሉ ሌላ ጉዳት ከሌለው አዲስ የፕላስቲክ ልባስ ሊለብስ ይችላል። እስከዚያው አይሠራበትም።

ሁለተኛ፣ መገናኛዎቹን ማየት። «ባትሪው ሞቷል» ከሚባለው ውስጥ ብዙው የሞተ አይደለም። የክዳኑ ሞላ ዝጎ ወይም ላልቶ፣ የማብሪያው ቁልፍ አቧራ ይዞ ይገኛል። ሴሉን አውጥቶ መገናኛውን በደረቅ ጨርቅ ወይም በላጲስ ማጽዳት ነው። ሽቦ ተቆንጦ እንደሆነም ይታይ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 በለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 አውሮፕላን ጀርባው ላይ ተቃጥሎ ነበር። የእንግሊዝ መርማሪዎች እሳቱ የተነሣው የአደጋ ጊዜ ምልክት ከሚሰጥ አነስተኛ መሣሪያ ባትሪ መሆኑን ደረሱበት። የዚያ መሣሪያ ሽቦዎች በባትሪው ክዳን ሥር ተጠላልፈው ተጨፍልቀው ነበር። ባትሪው የማይሞላ የሊቲየም ዓይነት ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። አንድ የተጨፈለቀ ሽቦ ያን የሚያህል አውሮፕላን ካቃጠለ ጎጆ ምን ይሆናል?

ሦስተኛ፣ በመልቲሜትር መለካት። መለኪያው ዲሲ 20 ቮልት ላይ ይደረግና ቀዩ ዘንግ አዎንታዊውን፣ ጥቁሩ አሉታዊውን ይንካ። ማስጠንቀቂያ! መለኪያው አምፔር ላይ ሆኖ በፍጹም ሴሉን በቀጥታ አንንካ። የአምፔር መለኪያ ተቃውሞው ከምንም የማይቆጠር ስለሆነ ሴሉን ሾርት ማድረግ ማለት ነው። ንባቡ የሚተረጎመው እንዲህ ነው።

ከ3.0 እስከ 4.2 ቮልት፤ ቮልቴጁ ደህና ነው። ግን ምርመራው አላለቀም።
ከ2.5 እስከ 3.0 ቮልት፤ ባዶ ነው። በትክክለኛ ቻርጀር፣ ሰው እያየው ይሞላ።
ከ2.5 ቮልት በታች፤ ይወገድ።
ልክ 0 ቮልት፤ ሁለት ትርጉም አለው።

የ0 ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። አንዳንድ ሴሎች ከግርጌያቸው ትንሽ የመከላከያ ሰርኪዩት አላቸው። እነዚህ ከሌሎቹ ጥቂት ሚሊሜትር ይረዝማሉ። ሴሉ ከመጠን በላይ ሲያልቅ ወይም ሾርት ሲያደርግ ሰርኪዩቱ በሩን ይዘጋል፤ መለኪያውም 0 ያሳያል። ደህና ቻርጀር ውስጥ ሲገባ በሩ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ወዲያው አውጥቶ እውነተኛውን ቮልት መለካት ነው። ከ2.5 በታች ከሆነ ያው ይወገዳል። መከላከያ የሌለው ሴል 0 ካሳየ ግን የሞተ ነው። አንዳንድ ጠጋኞች የሞተውን ሴል ከሞላ ሴል ጋር በሽቦ አገናኝተው «ይቀሰቅሱታል»። ይህ መከልከል ያለበት ሥራ ነው። ከላይ ያየነውን የመዳብ ድልድይ በገዛ እጅ መሥራት ነውና።

አራተኛ፣ በጭነት መለካት። ቮልቱ 4.0 ሆኖ ባትሪው ደብዘዝ ብሎ የሚያበራው ለምንድን ነው? ሴሉ ሲያረጅ ውስጣዊ ተቃውሞው ስለሚጨምር ነው። ጭነት በሌለበት ቮልቱ ሙሉ ይመስላል፤ ሥራ ሲሰጡት ግን ይወርዳል። ሙከራው ቀላል ነው። ባለ 4 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ለ10 ሰከንድ ያህል ከሴሉ ጋር እናገናኝና ቮልቱን እንይ።

ምሳሌ፤ ያለ ጭነት 4.0 ቮልት፣ በጭነት 3.8 ቮልት ቢሆን፣ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ 3.8 ÷ 4 = 0.95 አምፔር ነው። የጠፋው 0.2 ቮልት ነው። ውስጣዊ ተቃውሞው 0.2 ÷ 0.95 = 0.21 ኦም ይሆናል። ይህ ያረጀ ሴል ነው። ደህና አዲስ ሴል በዚህ ሙከራ የሚያጣው ቢበዛ 0.1 ቮልት ቢሆን ነው። የኦም ሕግ ይኸው ከጥቁር ሰሌዳ ወርዶ ሥራ ላይ ዋለ!

አምስተኛ፣ ቻርጀሩን መጠርጠር። ሴሉ ሞልቶ አረንጓዴ መብራት ከበራ በኋላ ይለካ። ከ4.15 እስከ 4.2 አካባቢ ከሆነ ቻርጀሩ ደህና ነው። 4.3 ካሳየ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነውና ይጣል። ሴሉን ገና እንዳስገባነው አረንጓዴ ከበራ ደግሞ ወይ መገናኛው አልነካም፣ ወይ የመከላከያው በር ተዘግቷል፣ ወይ ሴሉ አርጅቷል። በመጨረሻም የሞላውን ሴል ለአንድ ሳምንት ሳንጠቀምበት እናስቀምጠው። ከ4 ቮልት በታች ከወረደ በውስጡ እያፈሰሰ ስለሆነ አይታመንም።

4. ሁለት ሴል ሲቀጣጠል፤ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ምሳሌ

ሁለት ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ ቮልቱ ይደመራል። 3.7 እና 3.7 ሲደመር 7.4፤ ሁለቱም ሙሉ ሲሆኑ 8.4 ቮልት ነው። የዚህን አደጋ ከሁሉ ይበልጥ ያሳየው በውጭ አገር የተስፋፋው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። መሣሪያው በባትሪ ጉልበት ጥቅል ሽቦን አግሎ ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ ወደ ጉም ይለውጣል። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የከለከለው ዕቃ ነው፤ እዚህም የመጣው ለመማሪያ እንጂ ለሌላ አይደለም።

ተጠቃሚዎቹ ብዙ ጉም እንዲወጣ ሲሉ ሁለት ሴል እየደራረቡ ቮልቱን ከፍ ያደርጋሉ፤ የሽቦውንም ተቃውሞ ዝቅ ያደርጋሉ። እስቲ እናስላው። ሽቦው 0.5 ኦም፣ ሴሉ 4.2 ቮልት ቢሆን የሚፈሰው 4.2 ÷ 0.5 = 8.4 አምፔር ነው። ሁለት ሴል ቢደረብ 8.4 ÷ 0.5 = 16.8 አምፔር ይሆናል። ኃይሉ ደግሞ ከ35 ዋት ወደ 141 ዋት ያድጋል። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። 10 አምፔር ብቻ ለመስጠት የተሠራ ሴል ይህን ሲጠየቅ ይግላል። የባሰው ነገር አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ምንም መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት የላቸውም። ቁልፉ ሲጫን ሴሉ በቀጥታ ከሽቦው ጋር ይገናኛል፤ ቁልፉ ተጭኖ ከቀረ የሚያስቆመው የለም።

ሁለቱ ሴሎች እኩያ ካልሆኑስ? ደካማው ቀድሞ ያልቃል። ብርቱው ግን መግፋቱን አይተውም፤ በባዶው ሴል ውስጥ ኤሌክትሪኩን እየነዳ ዋልታውን ይገለብጠዋል። ሁለት በሬ አንዱ ደክሞ ሲወድቅ ሌላው እየጎተተ እንደሚጎዳው ነው። ስለዚህ በአንድ ዓይነት፣ በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ ቮልት ያልሆኑ ሴሎች አይጠመዱም። አሮጌና አዲስ ማደባለቅ፣ ሁለት ሴል የሚወስድ የእጅ ባትሪ ውስጥ የተገኘውን መክተት የተለመደ ነገራችን ስለሆነ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ ከ2009 እስከ 2016 ድረስ በዚያች አገር 195 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ቃጠሎና ፍንዳታ ተመዝግቧል። ከእነዚህ 61ዱ መሣሪያው ወይም ሴሉ ኪስ ውስጥ እያለ፣ 60ው ሲያጨሱት፣ 48ቱ ሲሞላ የደረሱ ናቸው። ከፍተኛው ቁጥር ኪስ መሆኑን እንመልከት! ልቅ ሴል ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ ሲገባ ብረቱ ሁለቱን ዋልታዎች ሊያገናኝ ይችላል። ተማሪ ሴል በኪሱ ይዞ ሲመጣ «ምን አለበት» ብለን ማለፍ የለብንም።

5. በልባስ ላይ የሚጻፍ ውሸት

ከተለመዱት ሴሎች አንዱ 18650 ይባላል። 18 ሚሊሜትር ውፍረቱ፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመቱ፣ 0 ክብ መሆኑን ያመለክታል። የዚህ ሴል ትክክለኛ የመያዝ ችሎታ ከ3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ብዙም አይዘልም። በገበያ ላይ ግን 9,900 የተጻፈበት ይሸጣል። ይህ ሐሰት ነው። በላቦራቶሪ ሚዛንም ይታወቃል፤ ደህናው ሴል 45 ግራም ያህል ሲመዝን ብዙ ሐሰተኞች በጣም ይቀላሉ። እርግጡን ለማወቅ ደግሞ የሞላውን ሴል በእጅ ባትሪው ውስጥ ከቶ ማብራትና ሰዓት መያዝ ነው። ባትሪው 0.5 አምፔር እየወሰደ 2 ሰዓት ቢያበራ ሴሉ የያዘው 1,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው፤ ልባሱ ምንም ይበል ምን።

የፓወር ባንክ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። 10,000 ተብሎ የሚጻፈው በ3.7 ቮልት ነው። ወደ 5 ቮልት ሲለወጥ 10,000 × 3.7 ÷ 5 = 7,400 ይሆናል፤ በመንገድ የሚባክነውም ይቀነሳል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይሞላል ያልነው ሞባይል አንድ ጊዜ ተኩል ብቻ ቢሞላ ሌባ የለም፤ ሒሳቡ ነው።

6. አወጋገድና እሳት

የሚወገድ ሴል ዋልታዎቹ በፕላስተር ተሸፍነው ደረቅ አሸዋ ባለበት ጣሳ ውስጥ፣ ከቤት ውጭ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። እሳት ውስጥ አይጣል፤ አይሰበር፤ አይወጋ። የልጆች ጠባይ መቼም የታወቀ ነው፤ ውስጡን ማየት ይፈልጋሉ። የድሮውን ድንጋይ ሰብረው ካርቦኑን ለጽሕፈት እንደሚያወጡት ይህንንም እንዳይሞክሩ በክፍል ውስጥ ደጋግመን መንገር አለብን።

በሚሞላበት ጊዜ ከአልጋ፣ ከሣርና ከወረቀት ይራቅ፤ ተኝተን አንሙላ። መጮህና ማጨስ ከጀመረ ሰው ይውጣ፤ ጭሱ መርዝ ስላለበት አይተንፈስ። ቻርጀሩ ከኮረንቲ ሶኬት ሳይነቀል ውሃ አይረጭ። ከተነቀለ በኋላ ግን ለትንሽ ሴል ብዙ ውሃ ጥሩ ነው፤ ያቀዘቅዘዋልና። እሳቱ የጠፋ መስሎ እንደገና ሊነሣ ስለሚችል ውጭ አሸዋ ላይ ይቆይ።

7. ሰዎችን ማስረዳት

ከመለካቱ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው። አንዲት እናት ከድካማቸው ከፍለው የገዙትን ባትሪ ይዘው መጥተው «ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ነፍስ ዝራበት» ቢሉን፣ አይሆንም ማለት ይጨንቃል። ይሉኝታ ይይዘናል። ታዲያ በባዶ ቃል ከመከልከል መለኪያውን አስይዞ ማሳየት ይሻላል። «እማማ፣ ደህናው ይኸውልዎ 4 ይላል፤ የእርስዎ 1 ነው ያለው። ቀፎው ደህና ነው፤ ድንጋዩ ብቻ ይቀየር። ይህን ብሞላልዎ ግን ሌሊት ቤትዎን ያቃጥላል» ማለት ነው። ቁጥሩን ያዩ ሰው ቅር አይሰኙም፤ ለጎረቤትም ይነግራሉ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1ኛ/ አንድ ሴል ያለ ጭነት 4.1 ቮልት፣ በ4 ኦም ጭነት 3.6 ቮልት ያሳያል። ውስጣዊ ተቃውሞው ስንት ነው? ሴሉን ትጠቀሙበታላችሁ?
2ኛ/ መከላከያ ያለው ሴል 0 ቮልት አሳየ። ሞቷል ከማለታችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ?
3ኛ/ 4.1 ቮልት ያለው ሴልና 3.3 ቮልት ያለው ሴል አንድ ላይ በተከታታይ ቢጠመዱ የትኛው ይጎዳል? ለምን?
4ኛ/ የደከመ የድሮ ድንጋይን ፀሐይ ላይ ማስጣት ጉዳት ካላመጣ፣ የሊቲየም ሴልን ማስጣት የሚከለከለው ለምንድን ነው? በውስጡ ካለው ፈሳሽና ከመለያው ፕላስቲክ ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።

የ1ኛው ጥያቄ መልስ፤ የሚፈሰው 0.9 አምፔር፣ የጠፋው 0.5 ቮልት፣ ተቃውሞው 0.56 ኦም ያህል ነው። ሴሉ ይወገዳል። የቀሩትን ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩባቸው።